ያልነቀልናቸው ፒኖች

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የጋራዥ ልጆቼ፤

ይህን አዳራሽ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ አስቀድሜ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ወንበሮቹን ከሥልጠና ክፍል ተሸክማችሁ ስታመጡ በመስኮት አይቻለሁ። የጠረጴዛውን ልብስ የተኮሰችው የጽዳት ክፍሏ እህቴ ናት፤ እጅሽ ይባረክ። ለግድግዳ ሰዓቱም አመሰግናለሁ። ግን ጡረታ ለሚወጣ ሰው ሰዓት መስጠት የማን ሐሳብ ነው? ከእንግዲህ የት እንዳላረፍድ ብላችሁ ነው?

ሳቁ፣ ሳቁ። ቆይቶ አያስቅም።

የሰው ኃይል ክፍል የአንድ ገጽ ንግግር ጽፎ ሰጥቶኛል። ይኸው፣ በቆንጆ ወረቀት። "በቆይታዬ ያካበትኳቸው መልካም ትዝታዎች" እያለ ይጀምራል። የጻፍሽው ልጅ አትቀየሚኝ፤ አጥፌ እዚህ ላስቀምጠው። አምስት ደቂቃ ነው የተሰጠኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ላለ ሰው አምስት ደቂቃ አይበቃውምና ታገሡኝ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ቅድም ሲያስተዋውቁኝ ምን አሉ? "በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሠራተኛ" አሉ። አጨበጨባችሁ። ሊያመሰግኑኝ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን እዚያ ተቀምጬ በጥፊ የተመታሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ለምን? እውነት ስለሆነ።

ዛሬ ከፍ አደርገዋለሁ። ማይኩን ብታጠፉትም ግድ የለኝም፤ ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ጉሮሮ ያለ ማይክ ይሰማል።

ብዙዎቻችሁ "እማማ ፒን" ነው የምትሉኝ። ከሒሳብ ክፍልና ከጽሕፈት ቤት የመጣችሁት ስሙ ከየት እንደመጣ ላታውቁ ትችላላችሁ። የጸጉር ፒን የሚመስላችሁም አላችሁ። ልንገራችሁ፤ ሳታውቁት የምነግራችሁ ነገር አይገባችሁም።

የእኛ ሥራ ምንድነው? የውሃ ታንከርና ጄነሬተር ተሳቢ ላይ ጭነን፣ በመኪና ጎትተን፣ ለተከራየው ሰው ቦታው ድረስ ማድረስ ነው። ተሳቢ ሞተር የለውም፣ መሪ የለውም፣ ሾፌር የለውም። ፍሬን አለው፤ ግን ፍሬኑ የሚሠራው ከመኪናው በኬብል በሚመጣለት ኤሌክትሪክ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ እሱም ይይዛል። እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፤ ከመኪናው ቢላቀቅስ? መንጠቆው ቢከፈት፣ ሰንሰለቱ ቢበጠስ፣ ኬብሉም አብሮ ይመዘዛል። ያኔ ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ መንገድ ላይ ብቻውን ቀረ ማለት ነው። ማን ያዘዋል? ቁልቁለቱ።

ለዚያች ቅጽበት ሲባል በተሳቢው አንገት ላይ አንዲት ሳጥን ትታሰራለች። ውስጧ ትንሽ ባትሪ አለ፤ ከሞተር ሳይክል ባትሪ አይበልጥም። ከጎኗ ማብሪያ አለ፤ ማብሪያው ውስጥ የትንሽ ጣት ያህል ፒን ተሰክቷል። ፒኑ በቀጭን የብረት ገመድ ከመኪናው ሻንሲ፣ ከራሱ ከመኪናው አጽም ጋር ይታሰራል። ተሳቢው ሲላቀቅ ገመዱ ፒኑን ይነቅለዋል። ፒኑ ሲነቀል ማብሪያው ይበራል፤ ባትሪው ያለውን ሁሉ ወደ ጎማዎቹ ይልካል፤ በየጎማው ታምቡር ውስጥ ያለው ማግኔት የፍሬን ሸራውን ይገፋል፤ ጎማው ይነክሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ተሳቢው ያለ ሾፌር ራሱን ያቆማል። ሰው ደርሶ ጎማው ሥር ታኮ እስኪያደርግለት ሩብ ሰዓት ያህል ይዞ ይቆያል።

ይህን ያስተማረኝ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ነፍሱን ይማር። እኔ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ ቱታው በቁመት የሚበልጠኝ፣ ካቻቢቴ አያያዝ እንኳ የማላውቅ። መጀመሪያ ቀን ወስዶ ሳጥኗ ፊት አቆመኝ።

"ልጄ፣ ይህች ሳጥን በዕድሜዋ አንድ ቀን ነው የምትሠራው" አለኝ።

"የትኛውን ቀን?" አልኩት።

"እሱን ቢነግሩንማ ሌላውን ቀን ሁሉ ተኝተን እናድር ነበር። ስለማይነግሩን ነው ሁልጊዜ የምናያት።"

እንዴት እንደምትፈተሽ እጄን ይዞ አስተማረኝ፤ እንዲህ እያለ። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ኬብሉን ከመኪናው ንቀይ፤ ያለዚያ የመኪናውን መቆጣጠሪያ ታቃጥያለሽ። ከዚያ ፒኑን ንቀይ። ጆሮሽን ወደ ጎማው አስጠጊ፤ ማግኔቱ እንደ ንብ ያጉረመርማል። መኪናው ቀስ ብሎ ይጎትተው፤ ጎማው አልዞርም ካለ ደህና ነው። ፒኑን መልሺ፣ ባትሪውን በቴስተር ለኪ፣ የገመዱን ጫፍ እዪ። ቢበዛ ሦስት ደቂቃ። በሦስት ዓመት በአራት ዓመት ባትሪውን ቀይሪ፤ የዛገ ማብሪያን በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ አትመልሺ፣ ጣይው። በቃ! ይህን ነው ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት። ይህን ነው እናንተ የሳቃችሁበት።

አዎ፣ ሳቃችሁ። አሁን ደግሞ ወለሉን አትዩ። ሾፌሮች፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ ፒኑን ነቅላችሁ እንደ እጅ ፍሬን የምትጠቀሙበት? ምሳ በልታችሁ እስክትመለሱ ባትሪው ይሞታል፤ ከዚያ ፒኑን ሰክታችሁ እንደ ደህና ሰው ትሄዳላችሁ። ገመዱን ሰንሰለቱ ላይ የምታስሩትስ? ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ገመዱን ማን ይጎትተዋል? ረዘመብኝ ብላችሁ የምትቋጥሩት፣ መታጠፊያ ላይ ፒኑን የሚመነጭቅባችሁ፤ አጠረብኝ ብላችሁ ፈታችሁ ደግሞ አስፋልት ላይ የምትጎትቱት? ስንቱን የተላገ ገመድ በፒንሳ ቆርጬ ጣልኩ! "እማማ ፒን መጣች፣ እማማ ፒን ጀመራት" ትሉ ነበር። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ነበር የማልፈው። ጆሮዬ ጎማ ሥር የንብ ድምፅ የሚሰማ ጆሮ ነው፤ የእናንተን ሹክሹክታ ያጣዋል?

ግን ዛሬ የተቆጣሁት በእናንተ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ባቆመ ሰሞን የሆነውን ሁላችሁም የምታውቁ ይመስላችኋል። አታውቁም። አሥራ ሰባት ቁጥር ተሳቢ፣ አሮጌው የውሃ ታንከር፣ አምስት ወር ግቢው ጥግ ቆሞ ነበር። አንድ ጠዋት "ይውጣ" ተባለ። ሄጄ ፒኑን ነቀልኩ። ጆሮዬን ጎማው ላይ ጣልኩ። ጸጥ። ባትሪውን ለካሁት፤ ከሞተ ሰንብቷል። ቅጹ ላይ በቀይ "አይሠራም" ብዬ ጻፍኩና ለጥገና ኃላፊያችን ይዤለት ሄድኩ። እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ተቀመጥ፣ አትነሣ። አልሰድብህም። የሆነውን ብቻ ነው የምናገረው።

"እማማ፣ ደንበኛው ውሃ አጥቶ እየጮኸ ነው" አለኝ።

"ባትሪ ስጠኝ፤ በአሥር ደቂቃ ገጥሜልህ ይውጣ።"

"ግምጃ ቤት ባትሪ የለም። ጠይቀናል፣ አልመጣም።"

"እንግዲያው አይወጣም።"

ፈገግ አለ። ክፉ ፈገግታ አልነበረም፤ ሰው እናቱን የሚያባብልበት ዓይነት ነበር። "እማማ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህች ሳጥን አንድ ቀን ሠርታ አይተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ?"

መልስ ነበረኝ። የሽማግሌው መልስ ነበረኝ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ያን በቀይ የጻፍኩበትን መሳቢያው ውስጥ ከተተና ሌላ ቅጽ፣ ንጹሕ ቅጽ፣ አውጥቶ ሰጠኝ። "ነገ ሲመለስ መጀመሪያ የምንቀይረው የሱን ነው፤ ቃሌ ነው" አለኝ። "ይሠራል" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ፈረምኩ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀዋ።

ስወጣ ሾፌሩ ተሳቢውን እየገጠመ ነበር። "ቀስ በሉ" የምትሉት፣ በየመታጠፊያው "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" ከማለት ሌላ ንግግር የማያውቅ፣ አሥራ ስምንት ዓመት አንድ መስታወት ያልሰበረ። ቁጢጥ ብሎ የፒኑን ገመድ ሻንሲው ላይ ያስራል። ሰንሰለቱ ላይ ሳይሆን ሻንሲው ላይ፤ እንዳስተማርኩት። ገመዱን ሳብ አድርጎ አየውና ቀና አለ።

"እማማ፣ ታይቷል?" አለኝ።

"ታይቷል" አልኩት።

አንድ ቃል ናት። ያቺን ቃል እስከ መቃብሬ እሸከማታለሁ።

ከልብስ ሱቆቹ በላይ ያለውን ዳገት ታውቁታላችሁ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ መንጠቆው ተከፈተ፤ መቆለፊያው ተበልቶ ነበር። ሰንሰለቱ ያዘው፤ ያዘውና ከቀለበቱ ተበጠሰ፤ ዝጎ ነበር። ከዚያ ገመዱ ተወጠረ፣ ፒኑን ነቀለ፣ ማብሪያው በራ። ሁሉም የድርሻውን ሠራ። ባትሪው ግን ሞቷል። ተሳቢው ቁልቁል ወደ ኋላ ሄደ፤ መንገዱን አቋረጠ፤ የእግረኛውን ጠርዝ ወጣ፤ የልብስ ሰፊው በረንዳ ውስጥ ገባ።

ልብስ ሰፊው በእግር የሚሠራ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ቀሚስ እያሳጠረ ነበር። የቀሚሱ ባለቤት ሌላ ልብስ ለክታ ልታይ ወደ ውስጥ ወደ መስታወቱ ገብታ ስለነበር ተረፈች። እሱ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቀጠቀጠ። ሐኪሞቹ ሊያድኑት አልቻሉም። በእግሩ ለሚሰፋ ሰው ቀኝ እግር ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ?

እኔ ከማንሻው መኪና ጋር ደረስኩ። "ቀስ በሉ" መንገዱ ዳር ተቀምጦ እጁን ያያል፤ ያስቀመጡት ዕቃ ይመስላል። መኪናው ኋላ ዞርኩ። ፒኑ ከነገመዱ ከሻንሲው ተንጠልጥሏል። ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ማስረጃ ልይዝ መሰላችሁ? አይደለም። ዛሬ እውነቱን ለመናገር ነው የተነሣሁት፤ ልደብቀው ነበር። ያ ፒን መኪናው ላይ ከተገኘ "ገመዱ ታስሮ ነበር፤ ታዲያ ተሳቢው ለምን አልቆመም?" ይባላል። ከዚያ ቅጹ ይወጣል። ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?

በማግስቱ መርማሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ሳጥኗን አየኋት። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ፒን ተሰክቶባታል፤ ጨርሶ ተነቅሎ የማያውቅ። ፒኑ ሳጥኗ ላይ ከተገኘ ገመዱ ከመኪናው አልታሰረም ይባላላ። ማን እንደሰካው አልጠየቅኩም። እኔ አሮጌውን ደበቅኩ፣ አንድ ሰው አዲሱን ሰካ፤ ቃል ሳንለዋወጥ ተግባባን። ለክፉ ነገር ሲሆን ሰው ምን ያህል ቶሎ ይግባባል!

የምርመራው ወረቀት ምን አለ? "ሾፌሩ ገመዱን ሳያስር ጉዞ ጀምሯል።" በላይኛው ክፍል በተደረገው ስብሰባ ላይ ስምንት ሰዎች ነበርን። "አስሬ ነበር" አለ ሾፌሩ። ሁለተኛ፣ "አስሬ ነበር እኮ" አለ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። በዚያው ሳምንት አባረራችሁት። "አባረርነው" ልበል፤ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው! ይነቅዛል። ከውስጥ ነው የሚነቅዘው፤ ከላይ ሲያዩት ደህና እንጨት ይመስላል።

ልብስ ሰፊውን ልጠይቀው ሆስፒታል ሄጄ ነበር። "ከኩባንያው ነኝ" አልኩት። ወንበር እንዲያመጡልኝ አደረገ፤ ለእኔ!

"ሾፌሩ ሦስት ጊዜ መጣ" አለኝ። "እያለቀሰ ነው የሚሄደው። ይንገሩኝ እስቲ፣ ጥፋቱ የሱ ነው?"

"እየተጣራ ነው" አልኩት።

እየተጣራ ነው! እንዲህ ያለ ቃል ከየት ተማርኩ? ከዚህ ሕንፃ ነዋ።

ባለቤቴ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ አናጺ ነው፤ ብዙ አይናገርም። ከአንድ ወር በፊት የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶበት ቁልፍ የማኖርባትን ቆርቆሮ ከፈተ።

"ይሄ ምንድነው?" አለኝ።

"ፒን ነው።"

"የምን ፒን?"

"የሥራ።"

"የሥራ ከሆነ ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር ምን ያደርጋል?"

ነገርኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። አልጮኸብኝም። ፒኑን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠውና ወጣ። ሦስት ቀን ቁርስም ምሳም እራትም ያ ፒን መሐላችን ተቀምጦ በላን። እኔም አላነሣሁት፣ እሱም አላነሣው።

በአራተኛው ቀን ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሰልፍ ላይ "ቀስ በሉ"ን አገኘሁት። አሁን ጆንያ ተሸካሚ ሆኗል፤ ትከሻው ላይ ዱቄት አለ። እኔ ፊቴን ላዞር ስል እሱ ከሰልፉ ወጥቶ መጣና ዝቅ ብሎ ሰላም አለኝ።

"እማማ፣ ጡረታ ሊወጡ ነው አሉ። እንኳን ደስ ያለዎት፤ ለደከሙበት ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ሊሄድ ዞረና ተመለሰ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ገመዱን አስሬ ነበር አይደል? እርስዎ ቆመው ነበር። ሁሉም 'አላሰርክም' ሲለኝ፣ አሁን አሁን እጄ ላይ ያለው ትዝታ እየጠፋብኝ ነው። ምናልባት አላሰርኩ ይሆን እላለሁ።"

ሰምታችኋል? እንጀራውን ብቻ አይደለም የነጠቅነው። እጁ የሠራውን ሥራ፣ ዓይኑ ያየውን ነገር ነጠቅነው። አንድን ሰው "አብደሃል" ብለን አሳመንነው፤ በማኅተም!

"አስረህ ነበር" አልኩት። "አስረህ ነበር ልጄ። ጥሩ አድርገህ ነው ያሰርከው።" ዓመት ከአራት ወር ዘግይቼ።

አላለቀሰም። ግድግዳውን ተደገፈ። "ተመስገን" ብቻ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጣዬ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም። ሁሉንም ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ቅጽ፣ ሁለተኛውን ቅጽ፣ "ታይቷል" ያልኩትን፣ ፒኑን፣ ሁሉንም። ትናንት ለትራንስፖርት መርማሪዎቹ ከነፒኑ አስረክቤ ፈርሜ መጥቻለሁ። ለክቡር ሥራ አስኪያጅም ዛሬ ጠዋት ጸሐፊያቸው ጋ ደርሷል፤ ገና አልከፈቱት ይሆናል። ኃላፊያችን ትናንት ማታ ስልክ ደውሎ "እማማ፣ ስንብትዎን አያበላሹ፤ ለጡረታዎም ያስቡ" ብሎኛል። አስቤያለሁ። የሚመጣብኝን እቀበላለሁ፤ የፈረመች እጅ የኔ ናት።

ይሄ ያለፈው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትሉኝ፣ አሁን ያለውን ደግሞ ልንገራችሁ።

በዚህ በመጨረሻው ሳምንቴ ግቢ ውስጥ ያሉትን ሃያ ሁለት ተሳቢዎች አንድ በአንድ ፒናቸውን ነቀልኩ። "እማማ ልትሰናበታቸው ነው" ብላችሁ ስትስቁ ነበር። ስንቱ የያዘ ይመስላችኋል? ዘጠኝ። አሥራ ሦስቱ ሬሳ ናቸው። ከአንድ እግር በኋላ፣ ከአንድ የሰው ስም በኋላ፣ አሥራ ሦስት! ቅጾቹን አየሁ፤ ሃያ ሁለቱም ላይ "ይሠራል" ይላል። ልጆቼ፣ ማን አስተማራችሁ? እኔ ነኝ ያስተማርኳችሁ፤ ለዚህ ነው አንጀቴ የሚቃጠለው።

አሥራ ሦስቱ ላይ ቀይ ፕላስቲክ አሰርኩባቸው። ዛሬ ጠዋት ልብሴን ቀይሬ ስመጣ ሁለቱ ከግቢው በር እየወጡ ነበር። ቀዩ ተቆርጧል። አሁን እዚህ ቆሜ ሳወራ መንገድ ላይ ናቸው።

አንቺ የስምሪት ልጅ፣ ተነሺ። አዎ፣ አሁን። ሁለቱንም ደውይላቸውና ሜዳ ፈልገው ይቁሙ። ታኮ ያድርጉበት። ኃላፊውን አትዪ፣ እኔን እዪ። ሂጂ። እኛ እንጠብቃለን።

ለምን ዝም አላችሁ? ዝምታ ነው እንዴ የምታውቁት? እኔም እሱን ነበር የማውቀው።

ኃላፊያችን፣ ልጄ ልበልህ፤ ስትመጣ ከትምህርት ቤት የወጣህ ሰሞን ነበር፤ ታምቡር ስትከፍት ጣትህን ቆርጠህ በመሐረቤ ያሰርኩህ እኔ ነኝ። ክፉ ሰው አይደለህም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ባትሪ ስትጠይቅ ከላይ "ቆይ" ይሉሃል፤ አንተ ደግሞ ለኛ "ቆይ" ትለናለህ፤ እኛ ለሾፌሩ "ታይቷል" እንለዋለን፤ ሾፌሩ ዳገቱን ይወጣል። ከላይ እስከ ታች አንድም ክፉ ሰው የለም። አንድ እግር ግን የለም። ይህን እንዴት ታስረዳኛለህ? "ታዲያ?" አልከኝ ያኔ። ይኸውልህ ታዲያው።

መጣሽ? ምን አሉሽ?

አንዱ ነዳጅ ማደያ ጋ ቆሟል። ጎሽ። ሁለተኛውስ? አያነሣም? እንደገና ሞክሪ። እዚሁ ቆመሽ ሞክሪ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እስኪያነሣ ድረስ እርስዎን ልጠይቅ። የሌሎቹ የአሥራ አንዱ ነገርስ? ... ምን አሉ? ከኋላ አልተሰማም፤ ጮክ ብለው ይናገሩ። "አይወጡም" አሉ። ሰማችሁ? "ባትሪ እስኪገባላቸው፣ እማማ ራሷ ወይም ያስተማረቻቸው ልጆች ፒኑን ነቅለው እስኪያዩ አይወጡም" አሉ። መቶ ሰው ሰምቷል። ይጻፉልን። እኔ ከእንግዲህ ያልተጻፈ ቃል አላምንም፤ የተጻፈውንም ጎማው ሥር ተንበርክኬ ካላየሁ አላምንም።

እ? አነሣ? ስጪኝ፣ ስጪኝ ስልኩን።

"ሃሎ። የት ነህ? ... ቆመሃል? ሜዳ ላይ? ... መክሰስ እየበላህ? ብላ ልጄ፣ ብላ፤ ግን አትንቀሳቀስ። ታኮ አድርገህበታል? ... ወርደህ አድርግበት። አይ፣ እጠብቅሃለሁ። ... አደረግክ? በርታ።"

ተመስገን።

አንድ ጊዜ ታገሡኝ። ውሃ አለ? አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ድግሳችሁን ስላበላሸሁ አይደለም። ዓመት ከአራት ወር ስላቆየሁት ነው። ከዚህ ወጥቼ የምሄደው "ቀስ በሉ" ቤት ነው፤ የደብዳቤው ሦስተኛ ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ በእጁ እሰጠዋለሁ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ዘንድ። "ከኩባንያው ነኝ" አልለውም፤ ስሜን እነግረዋለሁ፣ ያደረግሁትን እነግረዋለሁ። ወንበር ካልሰጠኝ ቆሜ እነግረዋለሁ።

የጋራዥ ልጆቼ፣ ጉልበታችሁን ይባርክላችሁ፤ ዓይናችሁ አይፍዘዝ፣ ጆሮአችሁ አይደንቁር። "አይሠራም" ብሎ ለመጻፍ የሚበቃ ልብ ይስጣችሁ። ሾፌሮች፣ መንገዱን ያቅናላችሁ፤ ማልዳችሁ የወጣችሁበት ቤት በሰላም ይቀበላችሁ። በጽሕፈት ቤት ያላችሁ፣ ማኅተማችሁ የሰው እንባ አይንካው። ኃላፊያችን፣ አንተንም ፈጣሪ ይርዳህ፤ ነገ ጠዋት መርማሪዎቹ ሲጠሩህ የመጀመሪያውን ቅጽ ይዘህ ለመሄድ ድፍረቱን ይስጥህ። እኔ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ አንተ ገና ወጣት ነህ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ አረጋውያናችሁ ይጦሩ፣ እናንተም በክብር ለዚህ ቀን ብቁ።

ምግቡ አይቀዝቅዝባችሁ፣ ብሉ።

የኔ ጌታ፣ ኮቴን አቀብለኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድረስ፤ "ቀስ በሉ" ዕቃ አራግፎ የሚገባው በዚህ ሰዓት ነው።